በር ላይ የቀረ ጨው

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሳሮን የምንጣፍ ማጠቢያ ማሽን ተከራይታ መጣች። ፍሪድሊ ያለው ቤታችን መግቢያ ላይ፣ በሩን ከፍተው እንደገቡ፣ በግራጫው ምንጣፍ ላይ የሁለት ቦት ጫማ ቅርጽ ያለው ነጭ እድፍ አለ። የክረምት ጨው ነው። እዚህ አገር ሰው እንዳያንሸራትተው መንገዱ ላይ የሚበትኑት ጨው ከጫማ ጋር ቤት ይገባል፤ በረዶው ቀልጦ ሲደርቅ ነጩ ይቀራል። «ይሄን ተይው» አልኳት። «ማም፣ ኢትስ ጀስት ሶልት» አለች። እኔ በአማርኛ እሷ በእንግሊዝኛ፣ እንዲህ ስንነጋገር ነው ያደገችው። ሌላውን ሁሉ እጠቢ፣ ይሄን ግን አትንኪ ስላት ትክ ብላ አየችኝና የማሽኑን ገመድ ወደ ሳሎን ጎተተች። የማን ጫማ እንደሆነ ታውቃለች። ለምን እንደማላስጠርገው ግን ነግሬያት አላውቅም፤ ለልጅ የሚነገር የሚያኮራ ነገር የለበትም።

የለተብርሃን ጫማ ነው። ሁላችንም ለተ ነበር የምንላት። ዛሬም እዚሁ ሴንት ፖል ትኖራለች፤ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ ቁጥሯም ስልኬ ውስጥ አለ። አልደውልም። ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ አስቀድሜ ልናገርና ወሬው ከዚያ ይቀጥል።

ለተን ያወቅኋት ኤርፖርት የመንገደኛ ዊልቸር ስንገፋ ነው። ያኔ ባቡሩ አልተዘረጋም። ከስኔሊንግ አቨኒው አውቶቡስ ይዘን፣ ፎርት ስኔሊንግ አጠገብ ሌላ ቀይረን፣ ገና ጎህ ሲቀድ እንደርስ ነበር። ሰማያዊ ሰደርያ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ሶሉ የወፈረ ጥቁር ጫማ፤ ዩኒፎርሙ ይኸው ነው። በላዩ ላይ የሚደረበው ካፖርት ግን የየሰው ዕጣ ነበር። የለተ ካፖርት ከአሮጌ ልብስ መሸጫ በስድስት ዶላር የተገዛ አረንጓዴ የወንድ ካፖርት ሆኖ እጅጌው ጣቷን ይውጠዋል፤ አንገቷ ላይ ደግሞ ቢጫ ሻርፕ ትጠመጥማለች። ከሩቅ ስትመጣ ሻርፑ ብቻ ነበር የሚታየው። ለአገር ቤት የምንደውለው በአምስት ዶላር ካርድ ነው። ካርዱ ላይ ፏፏቴ ተስሎበታል፣ ሠላሳ ደቂቃ ይላል፣ ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ ያቺ ድምፅዋ የተቀዳ ሴትዮ ትገባና አንድ ደቂቃ ቀረሽ ትላለች። ስኔሊንግ ላይ በምትገኘው ጠባብ ምግብ ቤት ደግሞ አንድ ካሴት ነበር፤ አንዱ ጎኑ ስለተበላሸ ዓመቱን ሙሉ የሚሰማው ሌላው ጎኑ ነበር። ለተ ዘፈኖቹን ከነቅደም ተከተላቸው ታውቃለች። አንዱ ሳያልቅ ቀጣዩን ቀድማ ትጀምርና ባለቤቲቱን ታናድዳታለች።

በዕድሜ ስለምበልጣት መጀመሪያ «እርስዎ» ነበር የምትለኝ። ሊፍት ጋ ስንደርስ «እትዬ ሙሉነሽ፣ ይቅደሙ» ብላ ትቆማለች። «ኧረ ለተ፣ ሁለታችንም ዊልቸር እየገፋን የምን እርስዎ ነው? አንቺ በይኝ» እላለሁ። «እሺ፣ አንቺ ይቅደሙ» ትላለች። አማርኛዋን የተማረችው ትምህርት ቤት ነው፤ ትልቅ ሰውን አንቺ ማለት አፏ አልታዘዝ አላት። አንድ ክረምት ሙሉ ለመንኳት። ብርዱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ ጨው ሳይበተን፣ ከነካፖርቷ ተንሸራትታ ቂጧ ላይ ተቀመጠች። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከመሬት ቀና ብላ «አንቺ! ትስቂብኛለሽ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ አንቺ ሆንኩ። የኔ ሙሉ ሆንኩ።

በዚያን ጊዜ «የኛ ሰው» የሚባል ቃል ነበረን። ከአገር ቤት የመጣ መንገደኛ ሲታይ በያዝነው የሥራ ሬዲዮ «ጌት ላይ የኛ ሰው አለ፣ ማን ይቅረብ?» ይባላል። ነጠላ ያጣፉ እናት ይሁኑ፣ ኮፍያ ያደረጉ ሼህ ይሁኑ፣ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ ሽማግሌ ይሁኑ፣ የኛ ሰው ናቸው። የኛ የማን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ወይም ነበረ ይሆናል፣ እኔ አልሰማሁም። ሰው የራሱን ደግ ጊዜ ሲያወራ የሌላውን ጆሮ ተውሶ አይደለም።

መርዶ የማርዳት ሥራ እንዴት በእኔ ላይ እንደወደቀ አላስታውስም። አገር ቤት ሰው ሲሞት ለሐዘኑ ባለቤት በቀጥታ አይደወልም። ብቻውን በሰው አገር ሰምቶ አንድ ነገር እንዳይሆን፣ ለሚያውቀው ሰው ይደወላል። የእኔ ቁጥር በየከተማው ባለ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ገብቶ ነበር። ደውለው «እትዬ ሙሉ፣ እርስዎ ያውቁበታል» ይሉኛል። እኔም ከቤተ ክርስቲያናችን ወይዘሮ አስቴርን፣ ታክሲ የሚነዳውን የወሎውን ሰው ከማልን፣ ሌላም ሁለት ሦስት ሰው አሰባስባለሁ። ማልደን፣ ከሐዘንተኛዋ የሥራ ሰዓት በፊት ነው የምንሄደው። ለሱፐርቫይዘሯ ቀድመን ኮል አድርገን ዛሬ አትገባም እንላለን። ስልኳን አንዳችን አንስተን እናርቃለን። በስልክ ስንጠራራ ሞተ የሚለው ቃል ከአፋችን አይወጣም፤ «የእገሌን ነገር ሰማችሁ?» እንባባላለን እንጂ። ከሁሉ በላይ ግን ጫማ ነው። በሩ ሲከፈት ሁላችንም ጎንበስ ብለን የቦታችንን ክር እንፈታለን። ጎህ ሲቀድ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰዎች በርሽ ላይ ክር ሲፈቱ ካየሽ፣ ነገሩ ያኔ ይገባሻል። ጫማውን ያወለቀ ሰው የመጣው ሊቀመጥ ነው። የለተ አባት ሲሞቱ እንዲሁ ሄደን ሦስት ቀን ተቀመጥን። ኮሪደሩ በቦት ተሞልቶ የሕንጻው ጠባቂ መተላለፊያ አጣሁ ብሎ አመለከተ። ከዚያ ወዲህ ለተ ቀኝ እጄ ሆነች። ቀድማ ወንበር የምታዘጋጀው፣ ውሃ የምትቀዳው፣ ወደቀ የተባለውን የምትደግፈው እሷ ነበረች።

ከዚያ የአገር ቤቱ ነገር መጣ። ማን ጀመረው ማን ጨረሰው የሚለውን ለሚያውቁት እተወዋለሁ። እኔ የማውቀው የዕረፍት ክፍላችንን ጠረጴዛዎች ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ ነበረን፤ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ቦታ ተቀመጥን። በሬዲዮ «የኛ ሰው አለ» ሲባል «የኛ የማን?» የሚል ድምፅ መለሰ፤ ሳቅ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ ቃሉን የሚጠራ ጠፋ። የታናሽ እህቴ የዘነቡ ልጅ ወደዚያ ጦርነት ሄዶ ይሙት ይኑር ሳይታወቅ ቀረ። ለተ ስለ እሱ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም፤ ግን ሳትጠይቀኝ ቀረች ብዬ ቂም ያዝኩባት። የእናቷ ከተማ ስልክ ከተዘጋ ወራት አልፎት ነበር። እኔም አልጠየቅኋት። አንድ ቀን ፌስቡክ ላይ ስለ ሕዝቧ የተጻፈ ነገር አየሁና ላይክ አደረግሁ። ምን እንደሚል አልደግመውም፤ ስለ ወታደር አይደለም የተጻፈው፣ ስለ ዘር ነው። ተናድጄ ነበር ብል ውሸት አይሆንም፣ ይቅርታም አይሆንም። በማግስቱ ሊፍት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቁጥሮቹን እያየች ቆየችና በሩ ሲከፈት ቀድማ ወረደች። አይታው ነበር።

ከፋሲካ በፊት በእህቴ ስልክ አንድ ሰው ደወለልኝ። የእህቴ ጎረቤት ነው፣ የለተ አገር ልጅ። ከዚያ ከተዘጋው ከተማ በእግሩ የወጣ ሰው አግኝቶ፣ የለተ እናት ወይዘሮ ምሕረት ማረፋቸውን ሰምቷል። የለተን ቁጥር አያውቅም። «እትዬ፣ እርስዎ ያውቁበታል፣ አደራ» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለቴን አሁንም እሰማዋለሁ።

መጀመሪያ ለወይዘሮ አስቴር ደወልኩ። «ሙሉዬ፣ እኛን ምን አገባን? የራሳቸው ማኅበር አቋቁመው የለም ወይ?» አለችኝ። ለከማል ደወልኩ። እሱ «እኔ እመጣለሁ። ግን አሁን በርዋ ላይ ብንቆም ደስ ብሏቸው ሊያዩኝ መጡ ብትለንስ?» አለኝ። ይሄ የከማል ፍርሃት ለእኔ መሸሸጊያ ሆነኝ። ነገሩን ወደ ራሷ ሰዎች ልወርውረው ብዬ ለማኅበራቸው ሰብሳቢ ለአቶ ሐጎስ ደወልኩላቸው። «የለተን እናት ነገር ሰምታችኋል?» አልኳቸው። «አዎ ሰምተናል፣ ምን ይደረጋል እንግዲህ» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ለካ እሳቸው የገባቸው ስልኩ ተዘግቶ የአሮጊቷ ወሬ መጥፋቱ ነው። እኔም እንደ ደንባችን ሞቱ አላልኩም። ቃሉ ሁለት መልክ እንዳለው ይጠፋኛል? ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ቃል ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። የተመቸኝን መልክ ይዤ ስልኩን ዘጋሁ። እንግዲህ የራሷ ሰዎች ይነግሯታል አልኩ።

በሳምንቱ ሥራ ገብታ አየኋት። ሻርፗ ያው ቢጫ ነው። ነግረዋት ቢሆን ጥቁር ትለብስ ነበር፤ አየሁ፣ ገባኝ፣ አለፍኩ። ነገ እላለሁ፣ ቅዳሜ እላለሁ። ሌላ ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ሎከር ጋ ዩኒፎርሜን ሳወልቅ አንዲት ካርቶን ይዛ መጣች። ከስንት ወር በኋላ አጠገቤ ስትቆም የመጀመሪያዋ ነው። «አንቺ ታውቂበት የለ» አለችኝ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «መንገድ ሲከፈት ለእናቴ ልልክላት ነው። ይሄ ላይኛው ቁጥር ነው ወይስ ታችኛው የሚታየው?» የደም ግፊት መለኪያ ነው የገዛችው። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ጨርቁን ክንዴ ላይ ጠመጠምኩና ቁልፉ የትኛው እንደሆነ፣ ሁለቱም ቁጥር እንደሚታይ፣ ለአሮጊት የትኛው እንደሚያሰጋ፣ አንድ በአንድ አስረዳኋት። ማሽኑ ጨርሶ ሲጮህ ቁጥሩን አነበበችና የሆዷን ኩርፊያ ረስታ «ኧረ ከፍ ብሏል የኔ ሙሉ፣ ጨው ቀንሺ» አለችኝ። ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም፣ ተቀምጣ ነበር፣ እጇ ክንዴ ላይ ነበር። «እሺ እቀንሳለሁ» አልኳትና እጅጌዬን ዘረጋሁ።

ሁለት ሽማግሎች የመጡት ግንቦት ውስጥ ይመስለኛል፤ ባልና ሚስት፣ ልጃቸው ዘንድ። ለተ ባልየውን፣ እኔ ሚስትየዋን ይዘን ረጅሙን ኮሪደር ጎን ለጎን እንገፋለን። ባልየው አንገታቸውን መለስ አድርገው «ጓል መን ኢኺ?» አሏት። የማን ልጅ ነሽ ማለታቸው ነው። የአባቷን ስም፣ የከተማዋን ስም ነገረቻቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው የዊልቸሩ እጀታ ላይ ያለውን እጇን ያዙ። «ኣየ ጓለይ» አሉ፤ ስለ እናቷ፣ ስለ ቀብሩ፣ ማን ማን እንደቆመ ተናገሩ፤ በመጨረሻም «እግዚኣብሄር የጽንዕኪ» አሏት። ያጽናሽ ማለት ነው። ትግርኛ ለማያውቅም ይገባል።

ለተ አልቆመችም። ዊልቸሩን በልኩ እየገፋች ቤተሰቡ እስከሚጠብቅበት በር ድረስ ሄደች። ፍሬኑን ያዘች፣ የእግር ማሳረፊያውን አጠፈች፣ ሽማግሌውን ደግፋ አስነሳች፣ እንደሰለጠንነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ልትነግረኝ ነበር የዞረችው፤ ሌላ የምትነግረው ሰው አጠገቧ አልነበረም። ፊቴን አየችውና አፏ እንደተከፈተ ቀረ። አልደነገጥኩም ነበር። ሰው ያልሰማውን ሲሰማ የሚደነግጠውን ድንጋጤ ፊቴ ላይ አጣችው። «መቼ ሰማሽ?» አለችኝ። «ከፋሲካ በፊት» አልኳት። ሻርፗን ከአንገቷ ፈታ እጇ ላይ ጠቀለለችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ሮጣ ያቀፈቻት ማያ ነች፣ ከእኛ ጋር የምትሠራ ኔፓላዊት። በወረቀት ኩባያ ውሃ አምጥታ እያቀፈች አጠጣቻት። እኔ የያዝኩትን ባዶ ዊልቸር ይዤ ቆሜ ነበር።

ማያ ከጥቂት ቀን በኋላ የዕረፍት ክፍል ውስጥ ብቻዬን አግኝታኝ አጠገቤ ተቀመጠች። በምትችላት እንግሊዝኛ፣ በእኛም ዘንድ አለ አለችኝ። ከወገኖቿ መሐል ትውልዷን ንቀው ከእጇ ውሃ የማይቀበሉ አሉ፤ ያንን ንቀት አውሮፕላን ላይ ጭነውት እዚህ ድረስ መጥተዋል። «እናቴ የሞተች ቀን ግን እነሱም መጡ» አለች። «ውሃዬን አልጠጡም። ግን መጡ።» ይህን ብላ ምሳዋን ከፈተች። እኔን ለመውቀስ ይሁን ለማጽናናት እስካሁን አላወቅኩም።

ለተ ለቅሶ ተቀመጠች። በሁለተኛው ቀን ሄጄ ነበር። መኪናዬን ከሕንጻው ፊት ለፊት አቁሜ በመስታወቱ በር የተደረደረውን ጫማ አየሁ። የአቶ ሐጎስ ሰዎች፣ የማያ ሰዎች፣ ከማልም እንኳ ብቻውን ሄዶ ገብቷል፤ ሰፊ ጫማውን አውቀዋለሁ። የእኔ ጫማ የት ጋ እንደሚቀመጥ አስቤ አስቤ አጣሁትና ሞተሩን አስነስቼ ተመለስኩ። ለተ ወደ ሥራ ስትመለስ ወደ ሌላው ተርሚናል ተዛወረች። እኔም ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ጡረታ ወጣሁ። መርዶ ንገሪልን የሚለኝ ሰውም ቀረ፤ አሁን ሁሉ ከፌስቡክ ይሰማል፣ ሻወር ቤት ይሁን መኪና ውስጥ፣ እንዳጋጣሚው።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት፣ ገና ልብሴን ሳልቀይር፣ በሩ ተንኳኳ። ሳሮን ፎቅ ላይ ተኝታለች። ስከፍት ለተ ቆማለች። ጥቁር ካፖርት ለብሳለች፣ በላዩ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በረዶ ይዟታል። ብቻዋን ነች። ያረፈችው እህቴ ዘነቡ እንደሆነች ወዲያው ገባኝ። ለካ ያ የእህቴ ጎረቤት ነው የለተን ቁጥር አፈላልጎ የደወለላት፤ ሙሉነሽ ሌላ የሚነግራት ሰው የላትም ብሎ። ይህን በኋላ ከማል ነው የነገረኝ።

«ይቀመጡ» አለችኝ። እጄን ይዛ አስቀመጠችኝና ነገረችኝ። ስጮህ ያዘችኝ። ሁሉንም እንደ ደንቡ አደረገችው። ስልኬን በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ አንስታ ኪሷ ከተተች። ሳሮንን ጠርታ ጎኔ አስቀመጠቻት፣ ሥራ ቦታዋ ኮል እንድታደርግም ነገረቻት። ለከማል፣ ለወይዘሮ አስቴር፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ደወለች። ሳሮን ውሃ አምጥታላት ነበር፤ ተቀበለችና ሳትቀምሰው መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ያኔ ነው ዓይኔ እግሯ ላይ ያረፈው። ከመግቢያው ምንጣፍ አላለፈችም ነበር፤ እኔንም ያቀፈችኝ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ አስቀምጣኝ ነው። ቦቷ ክሩ እንደታሰረ ነው። በረዶው እየቀለጠ ከሥሩ ውሃ ይወርዳል። አንድ ሰዓት ያህል እንዲያ ቆመች። የከማል መኪና ግቢው ሲገባ ስልኬን ከኪሷ አውጥታ ለሳሮን ሰጠቻት፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እትዬ ሙሉነሽ» አለችኝ።

ከማል ሲገባ እሷ ወጣች። እሱ ክሩን ይፈታል፣ እሷ ደረጃውን ትወርዳለች። ሌሎቹም መጡ፣ በሩ ጫማ በጫማ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ጫማውን አጥልቆ ሲሄድ እሷ የቆመችበት ቦታ ላይ ነጩ ወጥቶ አየሁት።

ሳሮን ሳሎኑን አጥባ ጨርሳ ማሽኑን መለሰች። ምንጣፉ ሁሉ አዲስ መስሏል፣ ከዚያች ቦታ በቀር። ደውይላት ትለኛለች፣ «ጀስት ኮል ኸር»። ብደውል ታነሳለች፤ እርስዎ ብላ ደኅንነቴን ትጠይቀኛለች፣ ያንን አልጠራጠርም። አንቺ እንድትለኝ አንድ ክረምት ሙሉ ለምኛታለሁ። ያኔ ዕድሜም ነበረኝ፣ የምለምንበት ፊትም ነበረኝ።